እኩል ለእኩል የሆነ ውድድር፤ ስለ ቃላትና ስለ ቍጥር የቴሌቪዥን ጨዋታ ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ነገር ለታሪክ ጥናት የማይበቃ ተራ ጨዋታ መስሎ ይታይ ይሆናል። ስለ ጦርነትና ስለ ውል፥ ስለ ነገሥታትና ስለ ሕግ ስንጽፍ ለምን ጻፋችሁ ብሎ የሚጠይቀን የለም፤ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ፊደል ስለሚገጣጥሙና ቍጥር ስለሚያባዙ ሰዎች ስንጽፍ ግን ምክንያታችንን አስቀድመን መናገር ይገባናል።

ምክንያታችን እንዲህ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቴሌቪዥን በሰው ቤት መግባት በጀመረ ጊዜ ሕዝቡ አጥብቆ ከወደዳቸው ነገሮች አንዱ የሁለት ሰዎች የዕውቀት ግጥሚያ ነበረ። ከግጥሚያም ሁሉ አብልጦ የወደደው አሸናፊው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ የማይታወቅበትን ነው። እንዲህ ያለው ግጥሚያ ግን በታዘዘ ቀን አይገኝም። አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ የሆነ እንደ ሆነ ውድድሩ ገና በመካከሉ ያልቅና ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ይነሣል። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያዘጋጁት ሰዎች ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ውድድሩን በስውር እየመሩ ተወዳዳሪዎቹን እኩል ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማንም እጁን ሳያስገባ ሁለት ተቀራራቢ ሰዎችን እስከ መጨረሻው አያይዞ የሚያቈይ ሕግ ማውጣት ነው። የሁለቱም መንገዶች ታሪክ በሚገባ የታወቀ ስለ ሆነ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ልንመለከታቸው አሰብን። ዘመናቱን ሁሉ የምንጽፈው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

የፊተኛው መንገድ ታሪክ የሚገኘው በአሜሪካ አገር ነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 1956 ኤን. ቢ. ሲ. በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «ትዌንቲ ዋን» የሚባል ጨዋታ ተጀመረ፤ ትርጓሜው ሃያ አንድ ማለት ነው። ያቋቋሙት ጃክ ባሪና ዳን ኤንራይት ናቸው። ሁለቱ ተወዳዳሪዎች ድምፅ በማያስገባ ባለመስተዋት ክፍል ውስጥ ለየብቻቸው ይቆማሉ፤ አንዱ የሌላውን ነጥብ አይሰማም። ጥያቄዎቹ እንደ ክብደታቸው ከ1 እስከ 11 ነጥብ ይይዛሉ፥ ግቡም 21 መሙላት ነው። አሸናፊው በበለጠበት በእያንዳንዱ ነጥብ 500 ዶላር ያገኛል። እኩል ከወጡ ደግሞ ጨዋታው እንደገና ይጀመርና የአንዱ ነጥብ ዋጋ በ500 ዶላር ይጨምራል። አንባቢው ይህን የመጨረሻውን ደንብ ልብ ይበልልን። በዚህ ደንብ ምክንያት እኩል መውጣት የተመልካቹን ትንፋሽ የሚይዝ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡንም የሚያበዛ ነገር ሆነ።

የመጀመሪያው ምሽት ያለ ምንም ተንኰል ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹም አብዛኛውን ጥያቄ ሳቱ፥ ጨዋታውም ሙት ሆነ። የፕሮግራሙን ወጪ የሚከፍለው የመድኀኒት ኩባንያ በዚህ ተቈጣ። ኤንራይትም ከዚያ በኋላ ጥያቄውን ከነመልሱ ለተወዳዳሪዎች አስቀድሞ መስጠት፥ መቼ እንደሚያሸንፉና መቼ እንደሚሸነፉ መንገር፥ ግንባራቸውን በመሐረብ እንዴት እንደሚጠርጉ እንኳ ማስጠናት ጀመረ። በዚህ አኳኋን ከተዘጋጁት ሰዎች አንዱ ሄርበርት ስቴምፕል የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ነው። በኖቬምበር መጨረሻ በ1956 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከቻርልስ ቫን ዶረን ጋር ተጋጠመ፤ ውጤቱም 21 ለ 21፥ እንደገናም 21 ለ 21 እየሆነ ተመላለሰ። ዲሴምበር 5 ቀን ስቴምፕል በ1955 በአሜሪካ ምርጥ የተባለው ፊልም የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቅ ሌላ ፊልም ጠራ። መልሱ «ማርቲ» ነበረ። ስቴምፕል ይህን ፊልም አይቶት እጅግም ይወደው ነበረ፤ የሳተውም ሳት ተብሎ ስለ ታዘዘ ነው።

ቫን ዶረን እስከ ማርች 1957 ድረስ ቈይቶ 129,000 ዶላር አገኘ። ነገሩ ግን በ1958 ተገለጠ፤ ኖቬምበር 2 ቀን 1959 ራሱ ቫን ዶረን በኮንግሬስ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ጥያቄና መልሱን አስቀድሞ ይቀበል እንደ ነበረ ተናዘዘ። በ1960 እንዲህ ያለውን ማታለል በወንጀል የሚያስቀጣ ሕግ በአሜሪካ ወጣ።

ስለዚህ ቅሌት ብዙ ተጽፎአል፤ በ1994ም ፊልም ተሠርቶለታል። የጻፉትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ቫን ዶረን ውድቀት ነው። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ስቴምፕልም ቫን ዶረንም ብዙ የተማሩና ብዙ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ለጥቂት ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት የማንም ርዳታ የግድ አያስፈልጋቸውም ነበረ። በተፈጥሮ ያልተገኘውና በሐሰት መሠራት ያስፈለገው ነገር የሁለቱ እኩልነት ነው። ተመልካቹ ለሳምንታት በጉጉት የተከታተለው 21 ለ 21 በአንድ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ላይ የተጻፈ ቍጥር ነበረ።

አሁን ወደ ኤውሮጳ እንሻገር። በ1965 ሙሴ አርማን ዣሞ የተባለ ፈረንሳዊ «ለ ሞ ለ ፕሉ ሎን» የሚባል ጨዋታ በፈረንሳይ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ትርጓሜውም ረጅሙ ቃል ማለት ነው። ፊደሎች አንድ በአንድ እየወጡ በተመልካቹ ፊት ይደረደራሉ፥ ተወዳዳሪዎቹም ከእነዚያ ፊደሎች ከሁሉ የሚረዝመውን ቃል ይፈልጋሉ። ጋዜጠኛና የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ የነበረው ማክስ ፋቫሌሊ በዳኝነት ተቀመጠ። በ1972 የቍጥር ክፍል ተጨመረበትና ስሙ «ዴ ሺፍር ኤ ዴ ሌትር» ማለት ቍጥሮችና ፊደሎች ሆነ፤ በዚህም ስም እስከ 2024 ድረስ ቈይቶአል።

ይህ ጨዋታ ከአሜሪካኑ የሚለይበት ዋና ነገር ጥያቄ የሌለው መሆኑ ነው። ጥያቄ ከሌለ አስቀድሞ በስውር የሚሰጥ መልስ አይኖርም። ፊደሉ በዕጣ ይወጣል፥ ቍጥሩ በዕጣ ይወጣል፥ ሁለቱም ሰዎች ከአንዱ ሰሌዳ ላይ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ በቤቱ የተቀመጠው ተመልካችም ያንኑ ሰሌዳ እያየ አብሮአቸው ይሠራል። ሙሴ ዣሞ ይህን ያደረገው የአሜሪካኑን ቅሌት አስቦ ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን አስቦት ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ባላገኘም ነበረ።

ጨዋታውን ወደ እንግሊዝ አገር ያመጣው ማርሴል ስቴልማን የተባለ በቤልጅግ የተወለደ የሙዚቃ ሸክላ አሳታሚ ነው። ሊድስ በተባለው ከተማ የሚገኘው የዮርክሺር ቴሌቪዥን ድርጅት በ1982 በመጀመሪያ ለአውራጃው ብቻ ሞከረው፤ ቀጥሎም ኖቬምበር 2 ቀን 1982 ቻናል ፎር የተባለው አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራውን ሲጀምር የመጀመሪያ ፕሮግራሙ ይኸው ጨዋታ ሆነ። ስሙም «ካውንትዳውን» ተባለ። ቫን ዶረን በኮንግሬስ ፊት ከተናዘዘበት ቀን ጀምሮ ሲቈጠር በልክ 23 ዓመት ይሆናል። ይህ የአጋጣሚ ነገር ነው፥ ሆኖም ዝም ብለን ልናልፈው አልፈቀድንም።

የጨዋታውን ሕግ ሳያውቁ ውድድሩ ለምን እንደሚጠብቅ ለመረዳት ስለማይቻል፥ እዚህ ላይ አንባቢው ጥቂት ይታገሠን።

በፊደሉ ዙር ሁለት የካርድ ክምር አለ፤ አንዱ የተነባቢ አንዱ የአናባቢ ፊደሎች ነው። የእኛ ፊደል አናባቢውን በራሱ ላይ ስለሚሸከም እንዲህ ያለው ክፍፍል ለእኛ እንግዳ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ አንድ ሰው ከየትኛው ክምር ስንት እንደሚያወጣ መምረጥ ራሱ የዘዴ ጉዳይ ይሆናል። ተራው የደረሰው ተወዳዳሪ «ተነባቢ፥ አናባቢ» እያለ 9 ፊደሎች ያስወጣል። ከዚያ በኋላ የ30 ሰኮንድ ሰዓት ይሠራል። ሰዓቱ ሲያልቅ ቃሉን ከመግለጣቸው በፊት ርዝመቱን ብቻ ይናገራሉ፤ ፊደሎቹን ያስወጣው ሰው ቀድሞ ይናገራል። ለእያንዳንዱ ፊደል 1 ነጥብ ይሰጣል፤ 9ኙንም ፊደሎች ለጨረሰ ግን 18 ነጥብ ይሆንለታል። ነጥቡን የሚወስደው የረዘመ ቃል ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ይወስዳሉ። ቃሉ ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ካልተገኘ ነጥብ የለም፥ አጭር ቃል የነበረው ባላንጣም ነጥቡን ያገኛል።

በዚህ ሕግ ውስጥ ያለውን ብልሃት ቀስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል። አንዱ ባለ7 ሌላው ባለ6 ፊደል ቃል ቢያገኙ በዕውቀት ያላቸው ልዩነት አንዲት ፊደል ናት፤ በነጥብ ግን 7 ለ 0 ይሆናል። ሁለቱም ባለ7 ካገኙ ልዩነታቸው እንደ ነበረ ይቈያል። እንግዲህ ሕጉ እኩልነትን ያለ ለውጥ ያሳልፋል፥ ትንሿን ብልጫ ግን አግዝፎ ያሳያል። ብርቱና ደካማ ሲገናኙ ይህ ሕግ ደካማውን ፈጽሞ ይጥለዋል። ተቀራራቢዎች ሲገናኙ ግን ትንሿ ብልጫ አንድ ጊዜ ወደዚህ አንድ ጊዜ ወደዚያ ስለምትል፥ መሪነቱም በትልልቅ እርምጃ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል።

ርዝመቱን አስቀድሞ መናገርም ሌላ ነገር ይጨምራል። አንደኛው «ሰባት» ካለ በኋላ ሁለተኛው በእጁ አንድ የታመነ ባለ6 ቃልና አንድ የሚያጠራጥር ባለ7 ቃል አለው እንበል። ባለ6ቱን ቢናገርና የፊተኛው ቃል ትክክለኛ ሆኖ ቢገኝ ምንም አያገኝም። ስለዚህ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ይደፍራል፥ የቀደመ ሰው ይጠነቀቃል። የፊተኛውን ሰምቶ እንዳይቀዳም ቃሉን በወረቀት መጻፍ አለበት፤ ያልጻፈ እንደ ሆነ አልጻፍሁም ብሎ በአፉ ይናገራል። በዚህ የእምነት ቃል ላይ የቆመ ሥርዐት መሆኑ ደስ አሰኝቶናል።

የቍጥሩ ዙር እንዲህ ነው። 6 ቍጥሮች ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ 25፥ 50፥ 75 እና 100 ናቸው፥ ትንንሾቹ ከ1 እስከ 10 ናቸው። መኪናው ከ101 እስከ 999 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ያወጣል፤ ተወዳዳሪዎቹም በ30 ሰኮንድ ውስጥ በመደመር፥ በመቀነስ፥ በማባዛትና በማካፈል እዚያ መድረስ አለባቸው። በትክክል የደረሰ 10 ነጥብ፥ እስከ 5 ድረስ የቀረበ 7 ነጥብ፥ እስከ 10 ድረስ የቀረበ 5 ነጥብ ያገኛል፤ እዚህም የሚያገኘው ይበልጥ የቀረበው ብቻ ነው።

ይህ ዙር የሚያስከትለውን አድናቆት ለማሳየት በ1997 የሆነውን እንጥቀስ። የወጡት ቍጥሮች 25፥ 50፥ 75፥ 100፥ 3 እና 6 ነበሩ፤ ግቡ 952። አንድ ተወዳዳሪ እንዲህ አለ፤ 100 ሲደመር 6፥ 106 ነው። በ3 ሲባዛ 318። በ75 ሲባዛ 23,850። 50 ሲቀነስ 23,800። በ25 ሲካፈል 952። አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተሞላ። ነገሩ የትዕቢት ሥራ ይመስላል፥ ውስጡን ሲያዩት ግን ሌላ ነው። 106ን በ9 ብናባዛ 954 ይሆናል፤ 2 ብቻ መቀነስ ይቀረናል። 9ኙ የሚገኘው 3ን በ75 አባዝቶ በ25 በማካፈል ነው፥ 2ቱም የሚገኘው 50ን በ25 በማካፈል ነው። ነገር ግን 25 አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራበት ቍጥር ነው። ስለዚህ ሰውዬው አስቀድሞ ሁሉን አበዛና በመጨረሻ አንድ ጊዜ በ25 አካፈለው፤ አንዱ 25 የሁለቱን ሥራ ሠራለት። 30 ሰኮንድ ውስጥ ይህን ማሰብ ምን ያህል እንደ ሆነ የሞከረው ያውቀዋል። እኛም ከጓደኞቻችን ጋር ሞክረን ከ954 ማለፍ የቻለ አልተገኘም።

አሁን ወደ መጨረሻው ዙር ደረስን። እንግሊዞች «ኮነንድረም» ይሉታል፤ እኛ እንቆቅልሽ እንበለው። 9 ፊደሎች ተዘበራርቀው በሰሌዳ ላይ ይገለጣሉ፥ ከእነርሱም የሚወጣው አንድ ባለ9 ፊደል ቃል ነው። አስቀድሞ ደወሉን ተጭኖ በትክክል የመለሰ 10 ነጥብ ይወስዳል። ደወሉን ተጭኖ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ የቀረው ሰዓት በሙሉ ለባላንጣው ይሆናል። ወደ እንቆቅልሹ ሲደርሱ የሁለቱ ልዩነት 10 ወይም ከ10 በታች ከሆነ፥ እንቆቅልሹ ወሳኝ ነው ይባላል፤ የመብራቱም ጸባይ፥ የአዳራሹም ዝምታ ይለወጣል።

እንዲህ ያለው ግጥሚያ እንዴት እንደሚመጣ ለምሳሌ ያህል ራሳችን የሠራነውን አንድ ውድድር እንከተል። ከ2001 በፊት በነበረው ሥርዐት 6 የፊደል፥ 2 የቍጥርና 1 የእንቆቅልሽ ዙር ነበረ። ተወዳዳሪዎቹን ፊተኛና ኋለኛ እንበላቸው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም ባለ7 ቃል አገኙ፤ 7 ለ 7። በሁለተኛው ፊተኛው ባለ7 ኋለኛው ባለ6፤ 14 ለ 7። በሦስተኛው ሁለቱም ባለ6፤ 20 ለ 13። በቍጥሩ ሁለቱም በትክክል ደረሱ፤ 30 ለ 23። በሚቀጥለው ፊደል ኋለኛው ባለ8 ፊተኛው ባለ7፤ 30 ለ 31። ከዚያ ሁለቱም ባለ7፤ 37 ለ 38። በመጨረሻው ፊደል ፊተኛው የታመነ ባለ6 አለው፥ ኋለኛው ግን ባለ7 ነው ያለው ቃል ከመዝገበ ቃላቱ ጠፋ፤ 43 ለ 38። በሁለተኛው ቍጥር ኋለኛው በትክክል ደረሰ፥ ፊተኛው በ2 ሳተ፤ 43 ለ 48። መሪነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሦስት ጊዜ ተላለፈ፤ አሁንም እንቆቅልሹን የፈታ ያሸንፋል። ማንም በስውር ያቀነባበረው ነገር የለም፤ ልዩነት የታየባቸው አራት ዙሮች ብቻ ናቸው፥ ሦስቱም የአንዲት ፊደል ልዩነት ናቸው።

በዚህ ሰዓት የሁለቱ ሰዎች ሐሳብ አንድ ዐይነት አይደለም። ወደ ኋላ የቀረው ካልፈታ ተሸንፎአል፤ ስለዚህ የሚያጣው ነገር የለውም፥ ግምት ቢጤ እንደ መጣለት ደወሉን መጫን ይችላል። የቀደመው ግን መፍታት ግዴታ የለበትም፤ ባላንጣው እንዳይፈታ ብቻ ነው የሚፈልገው። እርሱ ቸኩሎ ቢሳሳት ለባላንጣው ጸጥ ያለ ሰዓት ይተውለታል። ዝም ቢል ደግሞ ባላንጣው ይቀድመዋል። እንግዲህ የፍርሀቱ ሸክም በመሪው ላይ ነው የሚወድቀው። ልዩነቱ በልክ 10 ሆኖ የቀረው ሰው ቢፈታ እኩል ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ አንዱ እስኪያሸንፍ ድረስ ሌላ እንቆቅልሽ፥ እንደገናም ሌላ ይቀርባል። በአሜሪካው ጨዋታ እኩል መውጣት ገንዘብ ስለሚያበዛ ይፈለግ ነበረ፤ በዚህኛው ግን እኩል መውጣት ለማንም ምንም አይጨምርም፥ ቶሎ የሚቋጭ ነገር ብቻ ነው።

በሴፕቴምበር 2001 ፕሮግራሙ ረዘመ፤ 9 የነበሩት ዙሮች 15 ሆኑ፥ ከእነርሱም 11 የፊደል፥ 3 የቍጥርና 1 የእንቆቅልሽ ነበሩ። በኋላ ከፊደሉ አንዱ ወደ ቍጥር ተዛወረ። ይህ ለውጥ ለጥሩ ተጫዋቾች ትልቅ ነጥብ የማግኘት ዕድል ሰጥቶአል፤ በእኛ አስተያየት ግን የእንቆቅልሹን ኀይል ቀንሶታል። ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ሰው በየፊደሉ ዙር 7፥ በየቍጥሩ 10 ቢያገኝ፥ በቀድሞው ሥርዐት እንቆቅልሹን ጨምሮ ነጥቡ 72 ይሆናል፤ የእንቆቅልሹ 10 ነጥብ ከዚህ ውስጥ ከመቶ 14 ያህል ነው። በ2001ዱ ሥርዐት ድምሩ 117 ስለሚሆን ያው 10 ነጥብ ከመቶ 9 እንኳ አይሞላም። ዙሩ ሲበዛ የብርቱው ብልጫ እየተጠራቀመ ይሄዳል፥ የመጨረሻው በር ግን በዚያው በ10 ነጥብ ስፋት ቀርቶአል። ለፍትሕ ያዘነበለ ሰው የተሻለው ሰው የማሸነፍ ዕድሉ ሰፍቶአል ብሎ ለውጡን ሊያመሰግን ይችላል። እኛም ይህን አንክድም፤ ሆኖም አጭሩ ጨዋታ የበለጠ የሚያስጨንቅ እንደ ነበረ እናምናለን።

የሽልማቱን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ለየዕለቱ አሸናፊ በስጦታነት የታወቀው ዕቃ የሰዓቱ ሥዕል ያለበት የሻይ በራድ ነው። ያሸነፈ ሰው በሚቀጥለው ቀን ተመልሶ ይመጣል፤ 8 ጊዜ በተከታታይ ካሸነፈ ያለ ሽንፈት ይሰናበትና ከሌሎች የላቁ ተወዳዳሪዎች ጋር በፍጻሜው ውድድር እንደገና ይጠራል። የፍጻሜው አሸናፊ ለብዙ ዘመን የሚሸለመው ታላቁን ባለ20 ክፍል የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነበረ። 129,000 ዶላርን ከበራድ ጋር ማስተያየት ያስቃል። ነገር ግን ገንዘብ በሌለበት ቦታ ሐሰት የሚያስገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ የሽልማቱ ማነስ ከሕጉ ጋር ሆኖ ውድድሩን ጠብቆታል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ፕሮግራሙን እስከ 2005 የመራው ሪቻርድ ዋይትሊ ነው፤ በዚያው ዓመት በጁን ወር ዐረፈ። ካሮል ቮርደርማን እስከ 2008፥ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ ሬቸል ራይሊ በቍጥሩ ሰሌዳ አጠገብ ቆመዋል፤ ተወዳዳሪዎቹ ያቃታቸውን ሒሳብ መፍታት የእነርሱ ሥራ ነው። ሱዚ ዴንት ከ1992 ጀምራ በመዝገበ ቃላቱ ማዕዘን ተቀምጣለች። ከዋይትሊ በኋላ መሪዎቹ ብዙ ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ ፕሮግራሙ ግን በ2014 ከ6,000 ጊዜ በላይ ቀርቦ ነበረ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ፊደሉና ቍጥሩ በዕጣ ይወጣሉ ብለናል፤ እንቆቅልሹ ግን በዕጣ አይወጣም። ባለ9 ፊደሉን ቃል መርጦ፥ ፊደሎቹን አዘበራርቆ የሚያዘጋጀው ሰው ነው። መልሱም ከመጀመሪያው ጀምሮ በአንድ ሰው እጅ አለ። እንግዲህ ውድድሩ በሚወሰንበት በዚያ በመጨረሻው ቦታ ላይ፥ የአሜሪካኑ ጨዋታ የቆመበት ዐይነት ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፤ ተመልካቹም የሚያምነው አዘጋጆቹን ነው። አስቀድሞ የተዘጋጀ ጥያቄ ሁሉ የግድ ተንኰል የለበትም፤ የሚያውቀው ሰው ዝም ሲል ቅን ሆኖ ይቀራል።

ሰላሳው ሰኮንድ ሲያልፍ ሁለቱም ያልፈቱት እንደ ሆነ፥ ልዩነቱ 1 ነጥብ ብቻ ቢሆንም የቀደመው ያሸንፋል። የፕሮግራሙ መሪም ወደ አዳራሹ ዞር ብሎ ያወቀ ሰው እንዳለ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ ከወንበሮቹ መካከል አንድ ሰው እጁን ያነሣል፤ ሙሉውን ሰዓት መልሱን ይዞ ድምፁን ሳያሰማ የተቀመጠ ሰው ነው።